ባቡሩ ቢዘገይም መቼ እንደሚመጣ እንወቅ፦ ከአያትና ከቃሊቲ ጫፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የቀላል ባቡር አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለስምሪትና ለጥገና ባለሙያዎች

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በመስመሩ ሁለት ጫፎች፣ በአያትና በቃሊቲ በኩል ወጥተን የምንገባ ተሳፋሪዎች ነን። ከመካከላችን በጥገና፣ በኤሌክትሪክና በትራንስፖርት ሥራ ላይ የቆየን አለን። የምናነሳው ሁሉ ፌርማታ ላይ ቆሞ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ ሰዓት የሚለካ ነው። ከአያት አደባባይ እስከ መገናኛ ያለውን የጠዋት መኪና ሰልፍ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱ ሐዲድ ያለው ተሽከርካሪ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል። ባቡሩ እንዲኖርልን እንፈልጋለን፤ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ያሉት ባቡሮች ስንትም ይሁኑ ስንት በእኩል የጊዜ ልዩነት ይሂዱ፤ ልዩነቱም በየፌርማታው ተጽፎ ይለጠፍ። በአንድ መስመር ላይ ያሉት 6 ብቻ ከሆኑ 6 እንደሆኑ ይነገረን። በየ20 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ እንዲሁ ተብሎ ይጻፍና 20 ደቂቃው ይከበር። ጠባቂን ከረጅም ጥበቃ ይልቅ የሚጎዳው ባቡሩ በ5 ደቂቃ ይምጣ በ40 አለማወቁ ነው። የሚያውቅ ሰው ከቤቱ የሚወጣበትን ሰዓት ያስተካክላል። የማያውቅ ሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ታክሲ ተራ ይሄዳል፤ ገና ሰልፍ ሲይዝ ባቡሩ ከኋላው ሲገባ ያያል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንስማማበት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 16.9 ኪሎ ሜትር ነው። ፌርማታዎቹ በድምሩ 39፣ የተገዙት ባቡሮች 41 ናቸው። አንድ ባቡር ከአያት ተነስቶ፣ ጦር ኃይሎች ደርሶ፣ እንደገና አያት እስኪመለስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። በየ6 ደቂቃው አንድ እንዲደርስ 120ን ለ6 ማካፈል ነው፤ 20 ባቡር ይሆናል። ለሁለቱ መስመሮች 40። ከ41ዱ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ባቡር የብረት ጎማው ተላጦ ሲስተካከል፣ ሌላው በሩ ሲሠራ፣ ሌላው ፍሬኑ ሲፈተሽ ሊኖር ይገባል፤ ስለዚህ 41ዱ ሁሉ ጤነኛ ቢሆኑ እንኳ ለጥገና ፋታ የሚሰጠው ልዩነት 8 ደቂቃ ገደማ ነበር። ያኔ በአንድ መስመር 15፣ በሁለቱ 30 ይሄዳሉ፤ 11 በዴፖ፣ ማለትም ባቡሮቹ በሚያድሩበትና በሚጠገኑበት ግቢ፣ ይቀራሉ።

ዛሬ ያለንበት ከዚያ በብዙ የራቀ ነው። የቆሙት ባቡሮች ከሚሄዱት እንደሚበልጡ ባለፉት ዓመታት በኃላፊዎች አንደበት በተደጋጋሚ ተነግሯል። ይህ ሲሆን ችግሩ በእጥፍ ይጨምራል። በአንድ መስመር 20 ባቡር እያለ አንዱ ቢበላሽ ልዩነቱ ከ6 ደቂቃ ወደ 6 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ነው የሚሄደው፤ ማንም ልብ አይለውም። 6 ባቡር እያለ አንዱ ቢወጣ ግን ከ20 ደቂቃ ወደ 24 ይዘላል። ባቡሩ ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ብልሽት ይከብዳል። ስምሪቱም በዚያው ልክ መጥበቅ አለበት፤ እኛ የምናየው ግን ባቡሮቹ ሲያንሱ ስምሪቱም አብሮ መላላቱን ነው።

ሁለት ባቡር ተከታትለው ይመጡና ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ይህን የአያትም የሳሪስም ተሳፋሪ ያውቀዋል። ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንይ። በሰዓት 4 ባቡር በእኩል ልዩነት፣ በየ15 ደቂቃው ቢመጣ፣ ሰዓት ሳይመርጥ ፌርማታ የሚወጣ ሰው በአማካይ 7 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። እነዚያው 4 ባቡሮች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በ2 ደቂቃና በ28 ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ አማካዩ ከ13 ደቂቃ ይበልጣል። ባቡሩም፣ አሽከርካሪውም፣ መብራቱም ያው ነው። የጠባቂው ጊዜ ግን በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረው። ጭነቱን ደግሞ እዩት፤ በመስመሩ ላይ በደቂቃ 10 ሰው ወደ ፌርማታዎቹ የሚመጣ ከሆነ፣ ፊተኛው ባቡር 280 ሰው ሲጠብቀው ኋለኛውን የሚጠብቀው 20 ነው። ፊተኛው ታጭቆ በሩ አልዘጋ ሲል ኋለኛው ወንበሩ ሳይሞላ ይከተለዋል። አንድ ባቡር ሰው እስከ አንገቱ ሲታጨቅበት የሚይዘው ወደ 300 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰው ትንሽ ከበዛ ከጉርድ ሾላ በኋላ የሚጠብቁት ፊተኛው ቆሞ ሄዶባቸው ይቀራሉ።

ባቡሮቹ የሚጣበቁት በማንም ተንኮል አይደለም። ከአያት የተነሳው በ3 ደቂቃ ቢዘገይ፣ ሲኤምሲ ላይ የሚጠብቀው ሰው በነዚያ 3 ደቂቃዎች ይጨምራል። ብዙ ሰው ለመሳፈር ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በር ይያዛል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ጉርድ ሾላ ሲደርስ መዘግየቱ 5 ደቂቃ ሆኗል። ከኋላ ያለው ደግሞ ፊተኛው ጠርጎ የሄደውን ፌርማታ ስለሚያገኝ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይጠጋዋል፤ መገናኛ ላይ ጀርባውን ያያል። ይህን ነገር ካልያዙት በራሱ አይስተካከልም፤ እየባሰ ነው የሚሄደው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የተጠጋውን ማቆየት። በአያት መስመር ላይ ለዚህ አራት ቦታ ይበቃል፦ አያት፣ መገናኛ፣ ስታዲየምና ጦር ኃይሎች። በቃሊቲው ደግሞ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ስታዲየምና ምኒልክ አደባባይ። በእያንዳንዱ ቦታ ባቡሩ ከፊተኛው ጋር ያለው ልዩነት ከተባለው ሲያንስ ስምሪቱ በሬዲዮ "2 ደቂቃ ቁም" ይላል። የፊተኛው መዘግየት ከበዛ ደግሞ ከእሱም በፊት የሄደውን 1 ወይም 2 ደቂቃ ማዘግየት ክፍተቱን ለሁለት ያካፍለዋል። ውስጥ ያለው ተሳፋሪ "ምን ቆምን?" ማለቱ አይቀርም። አንድ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያው ይበቃዋል፦ "ከፊታችን ካለው ባቡር ጋር ያለንን ርቀት ለመጠበቅ 2 ደቂቃ እንቆማለን።" ምክንያቱ ከተነገረው የአዲስ አበባ ሰው ይታገሣል። ዝም ተብሎ ሲቆም ነው በሩ የሚደበደበው።

ከሁሉም በላይ ስታዲየም ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስታዲየም፣ ለገሐር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የሁለቱ መስመሮች የጋራ ፌርማታዎች ናቸው። ከአያትና ከቃሊቲ የሚመጡት እዚህ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ልደታ ላይ አንዱ ወደ አብነት ይታጠፋል፣ ሌላው ወደ ኮካ ኮላ ይቀጥላል። በቃሊቲው መስመር ላንቻ ላይ የቆየ ባቡር በዚህ በኩል የአያትን ተሳፋሪ ያዘገያል፤ አያት ያለው ሰው ላንቻ ምን እንደተፈጠረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለቱም መስመሮች በየ20 ደቂቃው የሚሄዱ ከሆነ፣ የአያቱ ስታዲየም በደረሰ በ10 ደቂቃው የቃሊቲው እንዲደርስ ሆኖ ከጫፍ መነሳት አለበት። ያኔ ከስታዲየም እስከ ልደታ የሚሄድ ሰው በየ10 ደቂቃው ባቡር ያገኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ከደረሱ ግን መሃል ከተማም በየ20 ደቂቃው ይሆናል፣ በላዩ ላይ አንዱ ሌላውን ያስቆማል። ይህን ለማስተካከል ብር አያስፈልግም። ሁለቱን የመነሻ ሰዓት ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይበቃል።

ጫፍ ላይ የሚባክነው ጊዜም ሌላ ነው። ባቡሩ አያት ሲደርስ አሽከርካሪው ከአንዱ ጋቢና ወርዶ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፣ ይገባል፣ መሣሪያውን ያስነሳል፣ ይፈትሻል። በእግር የሚሄደው ከ30 ሜትር አይበልጥም፤ ግን ውሃ መጠጣትም መጸዳጃ ቤት መሄድም አለ፣ ሰው ነው። ለዚህ በሌላ አገር የሚሠራበት ቀላል ዘዴ አለ። ባቡሩ ሲገባ ሌላ አሽከርካሪ በተቃራኒው ጋቢና በኩል ቆሞ ይጠብቃል፤ የገባው ይወርዳል፣ የጠበቀው ይዞ ይነሳል። የወረደው ዐርፎ የሚቀጥለውን ይረከባል። በእያንዳንዱ ጫፍ 4 ደቂቃ ቢተርፍ በአንድ ዙር 8 ደቂቃ ነው፤ 120 የነበረው 112 ይሆናል። 6 ባቡር ካለ ልዩነቱ ከ20 ደቂቃ ወደ 18 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይወርዳል። በአንድ መስመር ቢበዛ ሁለት ተጨማሪ አሽከርካሪ በፈረቃ ያስፈልጋል፤ አንድ ባቡር ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

በሩን በቅርብ ሆናችሁ እዩት። ባቡሮቹ ወለላቸው 70 በመቶ ዝቅ ያለ ነው፤ ሞተር ያለበት ሁለቱ ጫፍ ከፍ ያለ ስለሆነ ወደዚያ በደረጃ ይወጣል። ሰው ወደዚያ መውጣት አይፈልግም፣ ለመውረድ ይቸገራልና። ስለዚህ ዝቅ ያለው መሃል፣ በተለይ የበሩ ፊት ሲጨናነቅ ጫፉ ላይ መቆሚያ ይተርፋል። ሃያ ሁለት በሚባለው ፌርማታ ላይ ባቡሩ ይቆማል። የሚወርዱት ሳይወርዱ የሚወጡት ይገባሉ። አንድ ሰው ግማሽ ትከሻው ውጭ ሆኖ በሩ ይመጣበታል፤ ጠርዙ ሲነካው ተመልሶ ይከፈታል፣ ሌላ ሦስት ሰው ያንን ዕድል አይቶ ይሮጣል፣ እንደገና ይከፈታል። በእያንዳንዱ ፌርማታ 20 ሴኮንድ ቢባክን፣ በ22 ፌርማታ 7 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። የኪስ ሌባም የሚሠራው በዚህችው 20 ሴኮንድ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ነው። አሽከርካሪው ሁልጊዜ አንድ ምልክት ላይ እንዲያቆም፣ በሩ የሚያርፍበት ቦታ በመድረኩ ወለል ላይ ይቀባ፤ ከምልክቱ ግራና ቀኝ የሚጠብቁት መቆሚያ፣ መሃሉ የሚወርዱት መውጫ ይሁን። ጠዋትና ማታ መገናኛ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮና ሳሪስ ላይ አንድ አንድ አስተናባሪ ይቁም። ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ እያለ ማንም አይጋፋም፤ ያው ሕዝብ ነው ባቡር ላይ የሚጋፋው። ለተሳፋሪ ወገኖቻችንም እንናገራለን፦ ሩቅ የምንሄድ፣ ከአያት ተነስተን ሜክሲኮ የምንወርድ፣ በር ላይ አንቁም። ወደ ውስጥ እንግባ፣ ደረጃዋንም እንውጣት።

አሁን ወደ ዴፖ እንግባ፤ የባቡሮቹ ማነስ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ብዙ ሰው ባቡር የሚቆመው ሞተሩ ሲቃጠል ይመስለዋል። ባቡርን ከመስመር ከሚያወጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ ግን የብረት ጎማው ማለቅ ነው። እያንዳንዱ ባቡር 6 አክስል (ሁለት ሁለት ጎማ የሚይዝ ዘንግ)፣ 12 ጎማ አለው። ጎማው በሁለት በኩል ይበላል፤ አንደኛው ሐዲዱ ላይ የሚንከባለልበት ፊቱ፣ ሁለተኛው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈሩ ነው። ከልደታ ወደ አብነት እንደሚታጠፈው ባለ ኩርባ ላይ ከንፈሩ ከሐዲዱ ጎን ጋር ይፋተጋል፤ የምንሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ጩኸት ያ ነው። ከንፈሩ ሲሳሳ ባቡሩ መሄድ የለበትም፤ ለደኅንነት ነው፣ አንከራከርም።

ጎማ ሲበላ ከባቡሩ ሥር በሚገባ ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ይላጥና ቅርጹ ይመለሳል። ችግሩ ከንፈሩን ለማወፈር ፊቱን መላጥ ግድ ነው። ከንፈሩ በጣም እስኪሳሳ ከተጠበቀ ብዙ ሚሊ ሜትር ብረት ይላጣል፤ ሦስት ጊዜ ሊላጥ የሚችለው ጎማ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ መላጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ደግሞ እኩል መሆን ስላለባቸው አንዱ ሲበላሽ ጤነኛውም አብሮ ይላጣል። ስለዚህ የአንድ ጎማ ጉዳት የሁለት ጎማ ወጪ ነው።

ሌላው የጎማ ጠላት መንሸራተት ነው። በክረምት ሐዲዱ ረጥቦ፣ በላዩ ላይ ከመንገዱ የተጠረገ ጭቃ ሲለጠፍበት፣ አሽከርካሪው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጎማው መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። አንድ ቦታ ላይ ይላጣል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በዞረ ቁጥር ሐዲዱን በመዶሻ እንደመምታት ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ ወለሉ በእግራችን ሥር ጠ ጠ ጠ ጠ ሲል የምንሰማው ይህን ነው። በጊዜ ካልተላጠ የባቡሩን ማቀፊያ፣ የሐዲዱን ማሰሪያ፣ ከሥር ያለውን ኮንክሪት ሁሉ ያናጋል። መንሸራተቱን ለመቀነስ ከጎማው ፊት የሚረጨው አሸዋ ደረቅ መሆን አለበት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ከገባበት ይጓጉልና ቀዳዳው ላይ ይቀራል። የአሸዋው ማጠራቀሚያ ከሰኔ በፊት ተፈትሾ አሸዋው ቢለወጥ፣ በዚያው ወር የሐዲዱ የውሃ መውረጃ ቦዮች ቢጠረጉ፣ ክረምቱን የሚሻገሩት ጎማዎች ይበዛሉ። የአሽከርካሪ ሥልጠናም አለበት፤ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ፍሬንን አስቀድሞ ቀስ አድርጎ መያዝ ከመለዋወጫ ይቆጠራል።

መለዋወጫ ከውጭ እስኪገባ ከቆመው ባቡር ነቅሎ ለሚሄደው መግጠም የተለመደ መፍትሔ ነው። ለአንድ ሳምንት ያስኬዳል። ግን አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ለመንቀል አንድ፣ ለመግጠም አንድ። ሲነቀል ማያያዣው ይጎዳል። የተነቀለበት ባቡር ደግሞ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ጎድሎት የቆመ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሠላሳ ዕቃ ጎድሎት ይገኛል፤ ያን ጊዜ እሱን ማስነሳት አዲስ ከመግዛት ይቀራረባል። የምንጠይቀው ቢያንስ ይህ ነው፦ እንዳይነኩ የሚከለሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ብቻ የጎደላቸው ባቡሮች ተለይተው ይያዙ፤ መለዋወጫው ሲገባ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ይሁኑ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ስንቱ እንደሚሄድ፣ ስንቱ ጎማ እንደሚጠብቅ፣ ስንቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንደሚጠብቅ በአንድ ገጽ ይገለጽ። ባቡሩ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያ ብር ጎማ እንደማይገዛ እናውቃለን። የሕዝብ ድጎማም ሆነ የዋጋ ጭማሪ ሲነሳ ግን ገንዘቡ ስንት ባቡር እንዳስነሳ የሚታይ ከሆነ ክርክሩ ይቀላል።

ስለ መብራቱ በአጭሩ። ባቡሮቹ የሚሄዱት ከላይ ባለው ሽቦ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ነው፤ ኃይሉ የሚመለሰው በሐዲዱና ከሐዲዱ ጋር በታሰሩ ገመዶች ነው። ገመድ የሚሰርቅ ሰው መዳቡን እንጂ ባቡሩን አያስብም፤ የመመለሻው ገመድ ሲቆረጥ ግን ኃይሉ መሄጃ ያጣል፣ የኃይል መከላከያ መሣሪያው መብራቱን ያቋርጣል፣ በዚያ ክፍል ያሉ ባቡሮች ሁሉ ባሉበት ይቆማሉ። ገመዱ በኮንክሪት ክዳን ሥር ሆኖ ክዳኑ በብረት ቢታሰር፣ አጥሩ መኪና ገጭቶት በተከፈተ ማግስት ቢጠገን፣ ስርቆቱ ይቀንሳል። የተከፈተ አጥር በማግስቱ የእግር መንገድ ይሆናል፤ በሳምንቱ የሌባም መንገድ ነው።

ትኬት ላይ ብዙ አንልም። መሸጫው ከመጀመሪያው ባቡር 15 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈት። ተዘግቶ አግኝቶ ያለ ትኬት የገባ ሰው ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲይዘው ጥፋተኛው እሱ ብቻ ይሆናል። "ዝርዝር የለም" የሚባለው የሚቀረው በአንዴ 10 ትኬት መግዛት በየፌርማታው ሲቻል ነው። መሸጫው ከመንገዱ ማዶ የሆነበት ቦታ ሁሉ አስፋልት ሁለቴ ያሻግራል፤ ልጅ ያዘለች እናት ስታቋርጥ ማየት ያስፈራል። ለገሐርና ሜክሲኮን የመሳሰሉ ከፍ ያሉ ፌርማታዎች ላይ አሳንሰር ሲቆም በክራንች የሚሄድ ሰው የሚሳፈርበት ሌላ መንገድ የለውም። የቆመ ከሆነ ሥር ላይ "አይሠራም፣ የሚቀጥለውን ፌርማታ ይጠቀሙ" ተብሎ ይጻፍ እንጂ ደረጃው ግማሽ ላይ ደርሶ አይወቀው።

የጫፍ ነዋሪ ጉዞ አያት ወይም ቃሊቲ ላይ አያበቃም። ከአያት የሚወርደው ሰው ወደ ለገጣፎ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ዞኖች ይቀጥላል። ከቃሊቲ የሚወርደው አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ ነው ቤቱ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ አንድ ባቡር 240 ሰው በአንዴ አያት ላይ ያራግፋል እንበል። ግማሹ ታክሲ ቢፈልግ 120 ሰው ነው፤ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ 10 ያስፈልጋል። 10 ሚኒባስ በአንድ ጊዜ ተሰልፎ አይጠብቅም፤ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ሾፌሮቹም አያውቁምና። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰዎች ይሄዳሉ፣ የቀረው በጭለማ ይሰለፋል፣ ታሪፉ ከፍ ይላል። ባቡሩ በየ20 ደቂቃው መምጣቱ እርግጥ ቢሆን ሁለት የከተማ አውቶቡስ በዚያው ልዩነት ተራ በተራ ጠብቆ 120ውን ያነሳቸዋል። የልዩነቱ መታወቅ ከፌርማታው አልፎ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ከመድረኩ እስከ ታክሲ ተራው ያለው መንገድ ላይም መብራት ይደረግ፤ ክረምት ላይ ጭቃውን ለመሸሽ ሰው አስፋልቱ ላይ ነው የሚሄደው።

አቃቂን ስናነሳ አንድ ነገር ያሳዝነናል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አቃቂን አልፎ ለገሐር ድረስ ይገባ ነበር። ዛሬ ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ይቆማል፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። የቀላል ባቡሩና የአዲሱ መስመር የሐዲድ ስፋት አንድ፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ "ለምን አይገናኙም?" የሚል ብዙ ነው። የአዲሱ መስመር ኃይል 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ፣ የቀላል ባቡሩ 750 ቮልት ቀጥተኛ ነውና አንዱ በሌላው ላይ እንዲሁ አይሄድም። የቀላል ባቡሩ መስመር እስኪራዘም ግን ለድሬዳዋ ባቡር ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሜክሲኮ ፉሪ ለቡ የሚያደርሰው፣ ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ አውቶቡስ ሊኖር ይችላል። ይህ የስምሪት ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ባቡር ነገር ደግሞ የፈረቃ ሠራተኛን፣ የማታ ተማሪን፣ በምሽት የሚያጸዱ እናቶችን ይመለከታል። ሥራ ሲጀመር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተብሎ ነበር። ባቡር ሲያንስ ሰዓቱ መቀነሱን እንረዳለን፤ ግን የቀነሰበት ሰዓት ይጻፍ። ምሽት 2፡30 ላይ ስታዲየም የቆመች ሴት ባቡሩ አለ ብላ እስከ 3፡15 ከጠበቀች በኋላ የምታገኘው ታክሲ አንድ ብቻ ነው፣ ዋጋውም እሱ እንዳለው ነው።

ለመጀመር እንዲቀላችሁ፣ አያት መግቢያው ላይ ቢሰቀል ብለን ያዘጋጀነውን ሰሌዳ ከዚህ በታች ጽፈናል። ባዶው ቦታ በየጠዋቱ በኖራ ጠመኔ ይሞላ፤ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እስኪመጣ ጥቁር ሰሌዳ በቂ ነው። ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ መገናኛና ስታዲየም ላይም በየስማቸው ይሰቀል።

"አያት። የመጀመሪያው ባቡር የሚነሳው ____ ሰዓት። የመጨረሻው ባቡር የሚነሳው ____ ሰዓት። ዛሬ በዚህ መስመር ላይ የሚሠሩት ባቡሮች ____ ናቸው። ባቡሩ የሚመጣው በየ ____ ደቂቃው ነው። ከዚህ በላይ ከቆየ ምክንያቱ፦ ________። የሚቀጥለው ባቡር ____ ላይ ይደርሳል።"

ከአክብሮት ጋር፣
ከአያትና ከቃሊቲ ጫፍ ተሳፋሪዎች